አባትየው ሞምባሳ፣ ልጅየው ምፅዋ

በትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ ፖርቱጋሎች የሚደርሱት ልክ በሰዓቱ ነው። ዓፄ ልብነ ድንግል ከተራራ ተራራ ሲሰደዱ ኖረው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ አርፈዋል፤ ልጃቸው ገላውዴዎስ ገና ወጣት ናቸው፤ አገሩ ተቃጥሏል። ይሄኔ በ1541 ጠመንጃ የያዙ 400 ፖርቱጋሎች ምፅዋ ላይ ይወርዱና ተራራውን ወጥተው ከች ይላሉ። መሪያቸው ክሪስቶፎር ዳ ጋማ ይባላል፣ የታዋቂው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ። በ1542 ወፍላ ላይ ተሸንፎ ይማረካል፣ አንገቱንም ይቀላል። በዓመቱ ወይና ደጋ ላይ ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ይገደላሉ። ምዕራፉ ያልቃል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለት የባህር ዳርቻዎችን ጎን ለጎን ስለማስቀምጥ በአንድ ካላንደር መሄድ ይሻላል።)

«የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ» የምትለዋን ሐረግ ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናታል። ልጅየው ምን እንዳደረገልን እናውቃለን። አባትየው ከእኛ ዝቅ ብሎ ባለው የአፍሪካ ዳርቻ ምን እንዳደረገ ግን መጽሐፉ አያወራም። እኔ የሰማሁት ሞምባሳ ላይ ነው፣ ግማሽ ቀን በፈጀ ጉብኝት።

ሞምባሳ የሄድኩት ታሪክ ፍለጋ አልነበረም። ለሥራ ናይሮቢ ነበርኩ፣ ሁለት ቀን ተረፈኝ፣ በባቡር ወረድኩ። ወደብ የሌለው አገር ልጅ ሁለት ትርፍ ቀን ሲያገኝ የሚሄደው ወደ ባህር ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ያረፍኩበት ቤት ሰዎች ከአንድ አስጎብኚ ጋር አገናኙኝ፤ በቡድን ሳይሆን ለብቻ፣ ለግማሽ ቀን። ሰውየው ጠና ያሉ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በስልክ ቀጠሮ ስንይዝ በእንግሊዝኛ «ስምንት ሰዓት» አሉኝና ወዲያው ለራሳቸው በስዋሂሊ «ሳ ምቢሊ» ብለው ደገሙት። ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ስዋሂሊም እንደ እኛው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ገና ሳንተያይ ሰዓታችን ገጠመ።

ሞምባሳ ደሴት ናት። በምሥራቅ በኩል በነፋስ የሚሄዱት ጀልባዎች ለዘመናት ሲገቡበት የኖሩት አሮጌው ወደብ አለ፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ዛሬ የኮንቴይነር መርከቦች የሚቆሙበት ኪሊንዲኒ። ወደ ሰሜን የምትሻገሩት በኒያሊ ድልድይ ነው፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ሕዝብና መኪና አንድ ላይ በሚጭነው በሊኮኒ ጀልባ። የድሮ ስሟ ምቪታ ነው። አስጎብኚዬ ሲተረጉሙልኝ «የጦርነት ደሴት» አሉ፣ ልክ የሰፈራቸውን ስም እንደሚናገር ሰው፣ ምንም ሳይከብዳቸው።

ጉብኝቱ የሚጀምረው ከፎርት ጀሰስ ነው፣ ማለትም ከኢየሱስ ምሽግ። ከዛጎል ድንጋይ የተገነባ፣ ባህሩ ላይ አፍጥጦ የተቀመጠ ግዙፍ ግንብ ነው። ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በሩ ላይ ቆመን ገና ሳንገባ ሰውየው ጠየቁኝ፦

«ቫስኮ ዳ ጋማን ታውቀዋለህ?»

«ልጁን አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ስለ ክሪስቶፎር ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመና «ወደ እናንተም መጥቷል?» አሉ፣ የጎረቤት ቤት መዘረፉን እንደሰማ ሰው በሚያዝን ድምፅ። አይ፣ እኛን ሊረዳ ነው የመጣው አልኳቸው። ዝም ብለው ትንሽ አዩኝና «እንግባ» አሉኝ።

ከዚያ ያሳዩኝ ነገር ሁሉ ለዚያች ዝምታ መልስ ነበር።

ቫስኮ ዳ ጋማ ሞምባሳ የደረሰው በሚያዝያ 1498 ነው። ከዚያ በፊት ሞዛምቢክ ላይ ተታኩሶ ስለነበር ሁለቱም ወገን ተጠራጥሯል። ከመርከቡ ላይ የያዛቸውን ሁለት ሙስሊሞች የተደበቀ ሴራ ካለ እንዲናገሩ በማለት ትኩስ ዘይት ገላቸው ላይ እንዲንጠባጠብ አደረገ፤ ይህን የጻፈው የራሱ የጉዞ ማስታወሻ ነው እንጂ ጠላቱ አይደለም። ሌሊት ላይ የሞምባሳ ዋናተኞች የመልሕቁን ገመድ ሊቆርጡ ሞከሩ። ቫስኮ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ማሊንዲ ሄደ። ማሊንዲ ከሞምባሳ ጋር አትዋደድም ነበርና በደስታ ተቀበለችው፣ ወደ ሕንድ የሚወስደውን መንገድ መሪም ሰጠችው።

በ1505 ፍራንሲስኮ ደ አልሜዳ የተባለው የፖርቱጋል አዛዥ በብዙ መርከብ መጥቶ ሞምባሳን ያዘ፣ ዘረፈ፣ አቃጠለ። በ1528 ኑኞ ዳ ኩኛ ደግሞ መጥቶ ደገመው። እንግዲህ ልጅየው በ1541 ምፅዋ ላይ ሲወርድ ሞምባሳ በአገሩ ሰዎች እጅ ሁለት ጊዜ ተቃጥላ ነበር። እቴጌ እሌኒ መልእክተኛቸውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩት በ1509 አካባቢ ነው። እሳቸው የሩቅ ክርስቲያን ወዳጅ ሲፈልጉ፣ ሞምባሳ ያን ወዳጅ ካወቀችው ዓመታት ተቆጥረዋል።

እዚህ ላይ «እና ምን ይጠበስ? ሁሉም ለራሱ ነው የሚያስበው» የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው። ግን ነገሩ እዚህ አያበቃም፤ ወደ ኦቶማን ቱርኮች ስንመጣ ልክ እንደ መስታወት ግራና ቀኙ ይገለበጣል።

በእኛ መጽሐፍ ቱርኮች የጠላት ወገን ናቸው። ለኢማም አህመድ ጠመንጃና ተኳሽ ከየመን የላኩት እነሱ ናቸው፣ ክሪስቶፎር የተሸነፈውም በዚያ እርዳታ ነው። በ1557 ምፅዋን ያዙ። በ1570ዎቹ መጨረሻ ዓፄ ሠርፀ ድንግል ትግራይ ላይ ከእነሱ ጋር ተዋግተው አሸነፉ። ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1585፣ ዓሊ ቤይ የሚባል የቱርክ መርከበኛ በዚህ ዳርቻ ብቅ አለ። ሞምባሳ እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። ለኦቶማን ሱልጣን እንገዛለን አለች፣ ከፖርቱጋሎች ያድነናል ብላ። ዓሊ ቤይ ተመልሶ ሲመጣ ምሽግ ሠራላት፣ መድፍ ተከለላት።

አስጎብኚዬ ስለ ዓሊ ቤይ ሲያወሩ፣ እኔ የእኛን የታሪክ አስተማሪ ድምፅ ሰማሁ። ያው ዜማ ነው። «ከሩቅ መጣልን፣ መድፍ ይዞ፣ በጭንቅ ሰዓት።» ስሙን ብቻ ቀይሩት።

ዓሊ ቤይ እንደ ክሪስቶፎር መጨረሻው አላማረም። በ1589 ከጎዋ የመጣ የፖርቱጋል ጦር በባህር በኩል ገባ፤ በየብስ በኩል ደግሞ ዚምባ የሚባሉ ተዋጊዎች ከደቡብ መጥተው ማዶ ሰፍረው ነበር። ከተማዋ በሁለት እሳት መሐል ገባች። ዚምባዎቹ ተሻግረው ሕዝቡን ፈጁት። ዓሊ ቤይ በፖርቱጋሎች እጅ ወድቆ ወደ ሊዝበን ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ነው ፖርቱጋሎች ቱርክ ሁለተኛ እንዳይመጣ ብለው በ1593 ይህን የቆምንበትን ምሽግ መገንባት የጀመሩት። ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል የሚላን ሰው ነው። ሞምባሳ ላይም የማሊንዲውን ገዢ አምጥተው አነገሡባት። ለቫስኮ በር የከፈተችው ማሊንዲ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ዋጋዋን አገኘች።

ያ ዋጋ ግን ብዙ አልቆየም። የማሊንዲው ሥርወ መንግሥት ሁለተኛ ንጉሥ ከምሽጉ አዛዥ ጋር ተጣልቶ በ1614 በፖርቱጋሎች ሴራ ተገደለ። ትንሹን ልጁን ዩሱፍን ወስደው ጎዋ ላይ መነኮሳት አሳደጉት፣ ክርስትና አነሡት፣ ዶን ጄሮኒሞ አሉት። በ1626 ንጉሥ አድርገው ወደ ሞምባሳ መለሱት። በነሐሴ 1631 ዶን ጄሮኒሞ ከሰዎቹ ጋር ወደ ምሽጉ ገባ፣ የምሽጉን አዛዥ በጩቤ ገደለው፣ ወደ አባቱ ሃይማኖትና ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። አንሰልምም ያሉት ክርስቲያኖች ተገደሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ፖርቱጋሎችም ነበሩ፣ የአገሩ ተወላጆችም ነበሩ። አስጎብኚዬ ይህን ክፍል ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አላስዋቡትም፣ አልኮነኑትምም። የምሽጉ በር ላይ ፖርቱጋሎች ተመልሰው ሲያድሱት ያስቀረፁት ጽሑፍ አለ፤ የእነሱ አዛዥ በዳርቻው ከተሞች ላይ ያደረገውን ቅጣት በኩራት ይዘረዝራል።

1631ን ያዙልኝ። በዚያው ዘመን እኛ ጋ ዓፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ አውጀው አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት እየነደደ ነበር። በ1632 ሱስንዮስ የጥንቱን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። በዚያው በ1632 ዩሱፍ የመጣበትን የፖርቱጋል ጦር መክቶ ከመለሰ በኋላ ምሽጉን ትቶ በመርከብ ከሞምባሳ ወጣ። አንዱ ከሌላው ሰምቶ ነው አላልኩም። ግን በሁለቱም ዳርቻ «ረዳት» ሆኖ የመጣው ሰው ውሎ አድሮ የነፍስን ጉዳይ ሲነካ፣ በሁለቱም ቤት ደም ፈሷል። ደግሞም ሁለቱ ዓለሞች ፈጽሞ የማይተዋወቁ አልነበሩም፦ ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው ኢየሱሳዊ በ1624 ወደ ኢትዮጵያ በየብስ የሚያስገባ መንገድ ፍለጋ የጀመረው ከዚሁ ዳርቻ፣ ከፓቴ ደሴት ነው። አልሆንለት ሲል ነው በአፋር በረሃ በኩል የገባው።

ምሽጉ ውስጥ ካየሁት ሁሉ ልቤን የያዘው የግድግዳው ሥዕል ነው። ፖርቱጋላዊ ወታደሮችና መርከበኞች በከሰልና በቀይ አፈር የሣሏቸው መርከቦች፣ ዓሣዎች፣ ሰዎች። ልጅ የሣላቸው ይመስላሉ። ሰልችቷቸው፣ አገራቸው ናፍቋቸው የሣሉት ነው የሚመስለው። በ1696 የዑማን ዐረቦች ምሽጉን ከበቡት፤ ከበባው እስከ ታኅሣሥ 1698 ድረስ ዘለቀ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ውስጥ ያለቁት በረሃብና በበሽታ ነው፣ ከፖርቱጋሎቹም ጋር የዳርቻው ሰዎች አብረው ነበሩ። እርዳታ ይዛ የመጣችው ሳንቶ አንቶኒዮ ዴ ታና የተባለች መርከብ እዚያው ምሽጉ ሥር ሰጠመች፤ ከባህር የወጣው ዕቃዋ ዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ ተቀምጧል። ወታደር ሆኖ የተላከ ተራ ልጅ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳትነግሩኝ ሥዕሉን ብቻ ብታሳዩኝ አዝንለታለሁ።

ከምሽጉ ወጥተን ንዲያ ኩ በሚባለው ዋና መንገድ ወደ አሮጌው ከተማ ገባን። ጠባብ መንገድ፣ የተቀረጹ የእንጨት በሮች፣ ወደ ውጭ የወጡ ሰገነቶች። ወደ 1570 ገደማ ተሠራ የሚባለው የማንድሪ መስጊድ አሁንም ይሰገድበታል፤ ምሽጉን በዕድሜ ይበልጠዋል። ጥግ ላይ ተቀምጠን መራራ ቡና ጠጣን፣ ከናስ ጀበና እጀታ በሌላት ትንሽ ሲኒ፣ ዝንጅብል ገብቶበት። ሲኒዋን ሳያት ከቤታችን የጠፋች መሰለችኝ።

ቡናው ላይ ሳለን ሰውየው ስለ ቋንቋቸው አጫወቱኝ። ስዋሂሊ ከፖርቱጋሎች የወሰዳቸው ቃላት አሉ። ጠረጴዛ «ሜዛ» ነው። ሰንደቅ ዓላማ «ቤንዴራ»። እኛም «ባንዲራ» እንላለን አልኳቸው፤ የእኛው ግን ከጣልያን የመጣ ነው። ሁለታችንም የሰንደቃችንን ስም ከወረረን ሰው ነው የወሰድነው ማለት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን «ጌሬዛ» ነው። በስዋሂሊ እስር ቤት ማለት ነው። ምንጩ ፖርቱጋልኛው «ኢግሬዣ» ነው፣ ትርጉሙም ቤተ ክርስቲያን። የውጭ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ምሽግ ውስጥ ሠራ፣ የአገሩ ሰው ምሽጉን በዚያ ስም ጠራው፣ በኋላ እንግሊዞች መጥተው ከ1895 እስከ 1958 ምሽጉን እስር ቤት አደረጉት። ቃሉ የተፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ቃል የአራት መቶ ዓመት ታሪክ ተሸክሞ በየቀኑ ሰው አፍ ላይ ይውላል።

እዚያ ቡና ላይ ነው የትምህርት ቤት ክፍላችን ትዝ ያለኝ። አስተማሪያችን ያን ምዕራፍ ሲያስተምር «ግራኝ» ይል ነበር፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ቤተሰቦቹ ከሐረር ናቸው፣ እሱ ቤት ውስጥ ስሙ «ኢማም» ነው። ወይና ደጋ ጋ ስንደርስ ክፍሉ ደስ ይለዋል፣ እሱ መጽሐፉን እያየ ዝም ይላል። የሞምባሳው ሰውዬ ምሽጉ በር ላይ ያሳዩኝ ዝምታ ያችው ናት። ለካ ሌላኛውን ዳርቻ ለማየት አገር መሻገር ግድ አልነበረም፤ አንድ ዴስክ ላይ ሁለት ዳርቻ ነበር።

ይህን ስል «ሁሉም ልክ ነው፣ ሁሉም እውነት ነው» እያልኩ አይደለም። በ1505 ሞምባሳን ያቃጠላት ማን እንደሆነ ይታወቃል። የኢትዮጵያ ገዳማትና መጻሕፍት በዚያ ጦርነት መቃጠላቸውም ይታወቃል። የሞተው ሞቷል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ አንድ ሕዝብ ሲጨንቀው የቅርብ ጠላቱን ለመመለስ የሩቅ ጉልበተኛ ይጠራል፣ ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል፣ ከዚያ ሁለቱም ለልጆቻቸው የሚያስተምሩት የራሳቸውን ጠሪ ብልህ፣ የሌላውን ጠሪ ከሃዲ አድርገው ነው። ፖርቱጋልና ቱርክ በዋናነት የሚጣሉት ለቅመም ንግድና ለባህር መንገድ ነበር። ምፅዋም ሞምባሳም የዚያ ጠብ በሮች ነበሩ። ቀይ ባህር ላይ ዛሬ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ስታዩ፣ ይህ የድሮ ወሬ ብቻ ነው ትላላችሁ?

አምስት ሰዓት አልፎ የኒያሊን ድልድይ ተሻገርን። ማዶ ፍሬር ታውን አለ፣ እንግሊዞች ከባሪያ መርከቦች ያስጣሏቸውን ሰዎች በ1875 ገደማ ያሰፈሩበት። መንገዱ ዳር ደወሉ ቆሟል፤ ባሪያ ፈንጋዮች ሲመጡ ይደወል ነበር ይባላል። ደወሉን ያቆሙት እንግሊዞች ናቸው፣ ምሽጉን እስር ቤት ያደረጉትም እነሱ። ሰውየው ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ያሳያሉ፣ አንዱን ለማስረሳት ሌላውን አይጠቀሙም። ይህ ነገራቸው ደስ አለኝ።

የመጨረሻው ማረፊያችን የዮሐን ሉድቪግ ክራፍ መታሰቢያ ነበር። «ይሄኛውን አታውቀውም» አሉኝ፣ «ስዋሂሊን በላቲን ፊደል ከጻፉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፣ በ1844 መጣ፣ ሚስቱና ሕፃን ልጁ እዚህ ሞቱ።»

ይሄኛውንማ አውቀዋለሁ። ክራፍ ሞምባሳ ከመምጣቱ በፊት ሸዋ ነበር፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤት። በ1841 ሸዋ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋዋል አስተርጓሚ ነበር። በ1842 ሚስት ለማግባት ወደ ግብፅ ወረደ፣ ከዚያ ወዲያ ሸዋ መመለስ አልቻለም። ሚስቱን ሮዚንን ይዞ በምፅዋ በኩል በትግራይ ሊገባ ሞክሮም ተከለከለ። ወደ ኦሮሞዎች በደቡብ በኩል ለመድረስ ነበር ሞምባሳ የመጣው። በምፅዋው ጉዞ ላይ በረሃ ውስጥ ሮዚን ያለ ቀኗ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፣ አልኖረችም። ክራፍ ስም ያወጣላት በአማርኛ ነው፦ እንባ። በ1867 እንግሊዝ ወደ መቅደላ ስትዘምትም ክራፍን በአስተርጓሚነት ወስዳው ነበር፣ ታሞ ቶሎ ተመለሰ እንጂ።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ሰውየው ኮፍያቸውን አውልቀው ሰሙኝ። እሳቸው የሚያውቁት የክራፍ ታሪክ የሚጀምረው ከ1844 ነው፣ እኔ የማውቀው ደግሞ ከዚያ በፊት ያለውን። «እንባ ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ዓይኔን በጣቴ አሳየኋቸው። «ቾዚ» አሉ፣ በስዋሂሊ።

ስድስት ሰዓት ሞላ። ሒሳባቸውን ከፈልኩ፣ ስልክ ተለዋወጥን፣ በባጃጅ ወደ ማረፊያዬ ተመለስኩ። ማታ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሠራሁ፤ በአንዱ ምፅዋ፣ በሌላው ሞምባሳ። 1498፣ 1505፣ 1541፣ 1557፣ 1585፣ 1593፣ 1631፣ 1632። እናንተም የትምህርት ቤት መጽሐፋችሁ ካለ አውጡትና ሞክሩት። ሁለተኛውን ዓምድ ለመሙላት ሞምባሳ መሄድ አያስፈልግም፤ አብሯችሁ የተማረውን፣ ያን ምዕራፍ ሲነበብ ዝም ይል የነበረውን ልጅ ደውላችሁ ጠይቁት።